የቅርጫ ደመወዝ

ወላይታ ሶዶ ላይ ስምንት ሰው ቀጥሮ ማሠራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይምጣና አብረን እንማረር። ሌላው ሰው አይገባውም። ባለቤቴ እንኳን አይገባውም። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ መጨመሩን ከቴሌቪዥን ይሰማል፣ ወሩ ሲያልቅ ባንክ ይገባለታል፣ በቃ። እኔ ግን ዜናው በተሰማ ማግስት ገበያው ሁሉ ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀኛል። ሠራተኞቼ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣ እኔ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ይህ ጉድ በደረሰብኝ ጊዜ የስፌት ቤት ነበረኝ። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበርኩ፤ ከተማው እስከ ዛሬ «ቲቸር» የሚለኝ ለዚህ ነው። ማስተማሩን ትቼ፣ ብድር ገብቼ የስፌት መኪናዎች ገዛሁና ቤት ተከራይቼ የተማሪ ቦርሳ ማሰፋት ጀመርኩ። ትልቋ ሠራተኛዬ አማረች ትባላለች። የዱቦ ሰው ናት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራኝ አለች። እኔ በሌለሁበት ቤቱን የምታዘው እሷ ናት፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ባለሁበትም አንዳንዴ ታዛለች። በመጨረሻ የተቀጠረችው ታደለች ናት። ባሏ ሲሞትባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከጉኑኖ መጣች፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ዝምተኛ ናት። ዚፕ ስትሰፋ ግን እጇን በዓይን መከተል አይቻልም። ሌሎቹ ስድስቱም እንደነሱ ከየገጠሩ የመጡ፣ ቤታቸውን በዚህችው ሥራ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ናቸው።

ያን ዓመት ጌታ ረዳንና ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት ትልቅ ትእዛዝ ሰጠን። በዞኑ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚታደል ቦርሳ ነው። የቦርሳውን ዋጋ ቀደም ብለን ተፈራርመናል፣ ጨርቁንም በብድር አስመጥቼ ቤቱን ሞልቼዋለሁ። ያ ትእዛዝ ቢቀር የምገባበት ጉድጓድ አልነበረኝም። ልክ ሥራ ልንጀምር ስንል ስልክ ተደወለ።

«ሊዲያ እባላለሁ፣ የድርጅቱ የሠራተኛ አያያዝ ተቆጣጣሪ ነኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ትሑት ነው። «ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጥቼ አያለሁ። አንድም ሠራተኛ ከሀገሪቱ የደመወዝ ወለል በታች እየተከፈለው መሥራት የለበትም። በእናንተ የሥራ ዘርፍ ወለሉ ስንት ነው?»

«ጠይቄ ልደውልልሽ» አልኩ። እንዴት አያፍርም ሰው፤ ስምንት ሰው ቀጥሬ ወለሉን አላውቀውም።

ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ተማሪዬ ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ወለሉን ስጠይቀው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ለግል ድርጅት ወለል የለም ቲቸር» አለኝ።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አልተወሰነም። የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ወለሉን እሱ ይወስናል።»

«ቦርዱ የታለ ታዲያ?»

«ገና አልተቋቋመም።»

«መቼ ነው የሚቋቋመው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የማላውቀውን እንዳልናገር ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እንኳንም አስተማርኩህ አልኩ በሆዴ። «እሺ፣ የለም ብለህ በደብዳቤ ጻፍልኝና ለሴትዮዋ ላሳያት» አልኩት።

«ስለሌለ ነገር እንዴት ደብዳቤ ይጻፋል ቲቸር?»

ሌላ ቢሮ ላከኝ። እነሱ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። ሦስተኛው ቢሮ መልሶ ወደ ተማሪዬ ላከኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ወተቷን ግን ከእኔ ይጠይቁኛል። ፀሐይዋ አናቴን ስትፈጀው ዋለች፤ ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ለሊዲያ ደወልኩ።

«ወለል የለንም» አልኳት።

«ከሌለ የእኛ ስሌት ነው የሚሠራው» አለችና ቁጥሩን ነገረችኝ። «በየዓመቱ ከኑሮው ጋር ይሻሻላል፤ ይህ የዘንድሮው ነው።»

ቁጥሩን ስሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ከምከፍለው በላይ መሆኑ አልገረመኝም። ይህን ያህል በላይ መሆኑ ነው የገረመኝ።

«የቦርሳው ዋጋስ? እሱም ከኑሮው ጋር ይሻሻላል?» አልኩ።

«ዋጋው በውሉ እንዳለ ነው። እሱ የግዢ ክፍል ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለች።

ልብ በሉልኝ። ድርጅቱ አንድ ነው። በአንዱ አፉ ለሠራተኞችሽ ጨምሪ ይላል፣ በሌላው አፉ እኔ አልጨምርልሽም ይላል።

እቤት ገብቼ በዚህ ባሰላው፣ በዚያ ባሰላው መልሱ አንድ ሆነ። በዚያ የቦርሳ ዋጋ፣ ለራሴ ምንም ሳላስቀር፣ በእነሱ ወለል ልከፍል የምችለው ለአምስት ሰው ነው። ሦስቱ መሄድ አለባቸው። ማን ይሂድ? በየትም ቦታ እንዳለው ኋላ የመጣ ቀድሞ ይወጣል። አንደኛዋ ታደለች ናት ማለት ነው።

ሊዲያ የምትመጣው ሐሙስ፣ ደመወዝ በምከፍልበት ቀን ነው። «ክፍያው ሲፈጸም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» ብላለች። ስለዚህ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ተሰብስበው ድንች መሳዩን ቦዬያቸውን በሚያቃጥለው ዳታ እያጠቀሱ ሳለ፣ ነገሩን በወላይትኛ ነገርኳቸው። ስለ ቦርዱም ነገርኳቸው፣ ስለ ወለሉም ነገርኳቸው። ከዚያ የሦስቱን ስም ጠራሁ።

ታደለች እጇን ታጠበችና «ቲቸር፣ የጀመርኩትን ልጨርስ ወይስ አሁን ልሂድ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «ጨርሺ» አልኳት። ሄዳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

አማረች ግን ምግቡን ወዲያ ገፋችው። «ይህቺ የምትመጣው ሴትዮ እኛን ለመርዳት ነው የምትመጣው አላልሽም?»

«ነው» አልኩ።

«እኛን ለመርዳት ሦስታችንን ታባርራለች?»

«እሷ አላባረረችም። ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ የት ታውቂበታለሽ» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «በይ ተይው። እንደተባልሽው አምስታችንን ክፈይ። ሌላውን ለእኛ ተይልን» አለችኝ።

እኔ ጸሎት መስሎኝ ነበር። አማረች ችግር ሲመጣ ጾም ታውጃለች፣ ሁሉንም ሰብስባ ቤተ ክርስቲያን ታድራለች፤ ልማዷ ነው። «ጌታ ይርዳችሁ» ብያት ወጣሁ። ምን እያሰበች እንደሆነ ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ ይህን መጻፌን እንጃ።

ሐሙስ ሊዲያ መጣች። ወጣት ናት፣ ነጭ ስኒከር አድርጋለች፣ ጭቃችን ግን ነጭነቱን በር ላይ ተቀበላት። ሰው አክባሪ ልጅ ናት፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። መብራቱን አየች፣ ሽንት ቤቱን አየች፣ እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ከሠራተኞቹ ጋር ልነጋገር አለችና ከአማረች አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«የምታገኚው ደመወዝ ይበቃሻል?» አለቻት።

አማረች ልትረዳኝ ነው፤ ፊቷ በራ። «ቲቸር እናታችን ናት» አለች በአማርኛ። «እኛ ለደመወዝ አንሠራም።»

ከኋላ ሆኜ እጄን አወናጨፍኩ። አማረች ያበረታታኋት መሰላት።

«ልጄ ሲታመም ቲቸር ነው ያሳከመው። ምሳ ታበላለች። ማታ ሥራ ሲበዛ አምሽታችሁ ጨርሱ ብትለን እሺ ነው፤ እናት ትጠየቃለች? ስንት ሰዓት ሠራሁ ይባላል?»

የሊዲያ ብዕር ይሮጣል። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እነዚህ ሴቶች ጠልተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይጎዱኝም ነበር። ወዳጅ ሲመሰክርልህ ነው የምትታሰረው።

ክፍያው ደረሰ። ሊዲያ አጠገቤ ቆመች። አምስቱን በየስማቸው እየጠራሁ በወለሉ ልክ ሙሉውን በእጃቸው ሰጠሁ፤ እየፈረሙ ወሰዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የሚያህል ገንዘብ ያዙ። ታደለችና ሁለቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የመሰናበቻቸውን ቀድሜ ሰጥቻቸዋለሁ፣ መሄድ ነበረባቸው፣ አልሄዱም። ሊዲያ «በጣም ጥሩ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። አለፈልኝ አልኩ። አንድ ደቂቃ ቢቆዩልኝ ሴትዮዋ መኪናዋ ውስጥ ነበረች።

አማረች ግን የተረፈ ጨርቅ አምጥታ ግቢው መሐል አነጠፈች። ገንዘቧን ጣል አደረገችበት። አራቱም ተከተሏት። ቀጥላ እዚያው፣ ሊዲያ ፊት፣ በስምንት መደብ መክፈል ጀመረች። አንዱ መደብ ሲበዛ ታነሣለች፣ ሲያንስ ትጨምራለች፣ ራቅ ብላ ታስተያያለች። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል በሬ ሲታረድ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ የሚመደበው ልክ እንደዚህ ነው። ስምንቱም ለዕጣ የሚሆን ነገር አወጡ፤ አንዷ የልብስ ቁልፍ፣ አንዷ የክር ማጠንጠኛ፣ ታደለች የዚፕ እጀታ። ዕጣ የሚጥለው ደግሞ የማን ዕጣ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። አማረች ዙሪያዋን አየችና ሁሉንም ሰብስባ በሊዲያ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ጣል» አለቻት። አማረች አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ብዙም አያስጨንቃትም።

ሊዲያ ቁልፉንና እጀታውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«ቅርጫ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ገንዘቡን መልሱ ያላቸው ማን ነው?» ስትል ያ ትሑት ድምፅ የለም።

«ማንም አላለንም» አለች አማረች። «ገንዘቡ የእኔ ነው አይደለም?»

«የአንቺ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ለማን እንደምሰጥ አንተ ምን ቸገረህ?»

«ነገ እነዚህ ሦስቱ ሥራ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ እንጂ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ያለ ሥራ ይብሉ?»

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ይህን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። አምስቱ ከወለሉ በታች ወርደዋል፣ ሦስቱ ያለ ደመወዝ ሊሠሩ ነው። ትእዛዙ አይጸድቅም።»

«እኔ አላዘዝኳቸውም።»

«ይሆናል። ግን እኔ ሌላ ቦታ አሠሪው ደመወዝ ከፍሎ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ በጓሮ በር ሲያስመልስ አይቻለሁ። እዚያም የተጠየቁት ሠራተኞች ‹በፈቃዳችን ነው› ነበር ያሉት። ይህን ከዚያ በምን ልለየው?»

እውነቷን ነው፤ ያበገነኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ተማሪዬም እውነቱን ነው፣ አማረችም እውነቷን ነው፣ ግዢ ክፍሉም ውሌን ይዞ እውነቱን ነው። ሁሉም እውነቱን ሆኖ ሦስት ሴት ግድግዳ ላይ ተደግፋለች። የቀኑ ድካም፣ የሳምንቱ ምልልስ፣ ያ የተበደርኩበት ጨርቅ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ደሜ ፈላ። የቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ከነመያዣው ሊዲያ መዳፍ ላይ ጣልኩት።

«እንግዲያው ለእኔም ዕጣ ጣይልኝ» አልኳት። «ዘጠኝ መደብ አድርጉት። እኔም አሠሪነቱ ይቅርብኝ። አሠሪ ስሆን ሌባ፣ ሳሰናብት ጨካኝ፣ ስከፍል ከሳሪ ነኝ። መኪናዎቹንም ውሰዱ፣ ብድሩንም ውሰዱ፣ ጨርቁንም ውሰዱ። የደረሰኝን ይዤ እገባለሁ።»

አማረች ሳቀች። ተቆጥቼ የምናገረው መስሏት ነው፤ ተቆጥቼም ነበር። ሊዲያ ግን አልሳቀችም። በርጩማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«የምርዎትን ነው?» አለችኝ።

«የምሬን ነው» አልኩ። አልነበረም፣ ግን አፌ ቀደመኝ።

«ከሆነ ሕጋዊ መንገድ አለው። ዘጠኛችሁ በማህበር ከተደራጃችሁ አሠሪም ሠራተኛም የለም። ሁላችሁም ባለቤት ናችሁ። ትርፉን እንደፈለጋችሁ ትካፈላላችሁ፣ የእኛ የደመወዝ ወለል አይመለከታችሁም።»

«ቆይ እስቲ። አሠሪ ሆኜ ያልተፈቀደልኝ፣ አሠሪነቴን ስተው ይፈቀድልኛል?»

«አዎ። ግን የውሸት እንዳይሆን። መኪናዎቹ በእርግጥ የጋራ መሆን አለባቸው። እመለስና አጣራለሁ።»

«ታደለች የምትካፈለው ከወለላችሁ በታች ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜ ባለቤት ናት» አለች ሊዲያ። «ባለቤት ወለል የለውም።»

ታደለች ከግድግዳው ተነሥታ መጣች። የገባት ሁሉ ነገሩ አልነበረም፤ በወላይትኛ «ነገ ልምጣ ማለት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሁሉም አፌን ይመለከታሉ። የስፌት ቤቱን ስከፍት ያለቀስኩት ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ብድር፣ በር ላይ የተሰቀለው ስሜ በዓይኔ ላይ ዞረ። አይሆንም ማለት እችል ነበር። አምስቱን ይዤ፣ ሦስቱን ሸኝቼ፣ ሕጉን አክብሬ መኖር እችል ነበር። ማንም አይፈርድብኝም።

«ነይ» አልኳት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ራት መብላቱን አቆመና «የቤታችንን ዕቃስ ለማን ሰጠሽው?» አለኝ። እስከ ዛሬ ሰው ሲመጣ ያወራዋል።

ስለ ምዝገባው ባልነግራችሁ ይሻላል። ያው ቢሮ ለቢሮ ነው። አንዱ ዘጠኝ ሰው ይበዛል አለ፣ አንዱ የእኔ ዕድሜ አይፈቅድም አለ፣ አንዱ ማህተሙ ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ከያዘው ሰው ጋር ቦምቤ ሄዷል አለ። ብቻ ተመዘገብን። ሊዲያ እንዳለችው ተመልሳ መጣች፣ አጣራች፣ ትእዛዙ ጸደቀ። በር ላይ የነበረው ስሜም ወረደ፤ አማረች ራሷ ናት መሰላል ላይ ወጥታ ያወረደችው።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ እንደ እኔ ሰው የቀጠራችሁ፣ ከዚህ ምን እንማር ብትሉኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። በማህበር ተደራጁ አልላችሁም። ወለል አያስፈልግም ደግሞ ከቶ አልልም። ቦርዱ ተቋቁሞ ወለሉን ቢነግረን፣ የሚገዛንም ሰው ዋጋውን በዚያው ልክ ቢያነሣ፣ እኔ ዛሬም አሠሪ ነበርኩ፣ ታደለችም የተረጋገጠ ደመወዝ ነበራት። አሁን ግን ክር ሲወደድ ዘጠኛችንም እንወርዳለን፣ ከስር የሚይዘን ነገር የለም። ይህን ሳስብ እስካሁን እበግናለሁ። የተለወጠው እኔ የቆምኩበት ቦታ ብቻ ነው። ያን ደግሞ በመጀመሪያው ክፍፍል ቀን ነው ያየሁት።

ቦርሳው ተሰጠ፣ ገንዘቡ ገባ፣ ብድር ተከፈለበት፣ የጨርቁ ዕዳ ተከፈለበት። የቀረውን አማረች በዘጠኝ መደብ ከፈለችው። የእኔን ድርሻ አነሣሁ። ከሊዲያ ወለል በታች ነው፤ እኔ ድሮ ለእነሱ ከምከፍለው ግን ከፍ ይላል። ይዤው ቁጭ አልኩ። የቤት ኪራይ አሰብኩበት፣ ጤፍ አሰብኩበት፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት አሰብኩበት፤ ከኪራዩ አላልፍ አለኝ። የባለቤቴ ደመወዝ ባይኖር ወሩን በምን እንደምወጣው አልታየኝም። ሌሎቹ ሄደዋል። ታደለች መኪናዋን ሸፍና ልትወጣ ስትል አየችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አነሰዎት ቲቸር?» አለችኝ።

«በዚህ እንዴት ይኖራል?» አልኩ። የምሬን ነው የጠየቅኳት።

«የመጀመሪያው ወር ነው የሚከብደው» አለችኝ ልታጽናናኝ። «ከዚያ ይለመዳል።»

ይኸው ብዙ ወር ሆነ፣ እኔ አልለመድኩትም። እሷም ለምዳው እንደማታውቅ አሁን ነው የገባኝ።